የአባቷ ልጅ፣ የባሏ ዜጋ

በአርሲ ደጋ ሴት ልጅ አገባሁ ብላ ጎሳዋን አትቀይርም። ከዲገሉ ወደ ሙኔሳ ብትዳር፣ ሰባት ወልዳ ብታሳድግ፣ ፀጉሯ በባሏ ቀዬ ቢሸብት፣ «የማን ነሽ?» ሲሏት የምትቆጥረው የአባቷን ዘር ነው። ልጆቿ የባሏ ጎሳ ናቸው፤ እሷ እስክትቀበር የአባቷ ናት። ስትበደል የሚጮኹላት የራሷ ወገኖች ናቸው። በሠርጓ ቀን እናቷ ሲንቄ የሚባለውን ቀጭን በትር ታስይዛታለች። ባል እጁን ካነሳባት፣ በተለይ አራስ ቤት ሳለች ከሆነ፣ የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ጥፋተኛው ከብት አርዶ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ወደየቤታቸው አይገቡም። በዚህ ሁሉ ሥርዓት ውስጥ «አንዴ አግብታለችና የባሏ ጉዳይ ነው» የሚል ሰው አይሰማም።

ባዕድ ሰው ወደ ጎሳ የሚገባበት መንገድ ሌላ ነው። ሞጋሳ ይባላል፤ ጎሳው ተሰብስቦ፣ መርቆ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወንድማችን ነህ ብሎ ይቀበላል። ጋብቻ ብቻውን ይህን አያደርግም። አያቴ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነበር። አባቱ የቡልጋ ሰው ናቸው፤ ራስ ዳርጌ በ1870ዎቹ መጨረሻ አርሲን ካስገበሩ በኋላ ከመጡት ነፍጠኞች አንዱ። ያ ጦርነት በአርሲ ላይ ያደረሰው ደርሷል፤ እዚህ አገር ያደገ ሰው ሊክደው አይችልም። አያቴ የአርሲ ሴት አገባ፤ ቋንቋዋን ተማረ፤ ልጆቹ በእናታቸው ወገን «የእህታችን ልጆች» ተብለው ሥጋና ወተት ሳይጎድልባቸው አደጉ። እሱን ግን እስኪሞት ድረስ «የእገሊት ባል» ይሉት ነበር። አልተከፋም። እሱም ቢሆን ሴት አያቴን የቡልጋ ሰው አድርጎ ቆጥሯት አያውቅም፤ በእኛም ቤት ቢሆን ሴት የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች እንጂ በባሏ ስም አትጠራም።

እኔ አሰላ ላይ ራፖር ጻፊ ነኝ። አባቴም ራፖር ጻፊ ነበር። እሱ በኦሊቬቲ መኪና፣ ሁለት ካርቦን ደርቦ፤ እኔ አሁን በኮምፒውተር። ከጽሑፋችን ውስጥ የበዛው የድንበር ግፊት፣ የውርስና የቀለብ ጉዳይ ነው። ግን ከአባቴ ጀምሮ በየጊዜው አንድ ዓይነት ባለጉዳይ ይመጣል፦ የውጭ አገር ሰው ያገባች፣ ወይም ያገባ። እነዚህን ጉዳዮች ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝና ሕጉ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ልንገራችሁ።

ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። ንግሥት ዘውዲቱ ካረፉ አራት ወር አልሞላም፤ ተፈሪ መኰንን ንጉሠ ነገሥት ቢባሉም ዘውዱን የሚጭኑት በጥቅምት ነው። ነጋሪት ጋዜጣ ገና አሥራ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ የወጣው ያን ጊዜ ነው። መግቢያው ቸር ነው፦ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ፣ እዚህም ይወለድ ውጭ፣ ኢትዮጵያዊ ነው። በዚያ ዘመን እናትን ከአባት እኩል መጥራት ቀላል ነገር አልነበረም።

ችግሩ ጋብቻ ላይ ነው። ኢትዮጵያዊ ወንድ የውጭ ሴት በሕግ ካገባ ሴትዮዋ ወዲያው ኢትዮጵያዊት ትሆናለች። ማመልከቻ አያስፈልጋት፣ ዓመት መቁጠር አያስፈልጋት፣ «እንደምን አደርሽ» ማለትም አይጠበቅባት። የውጭ ወንድ ኢትዮጵያዊት ካገባ ግን በጋብቻው የሚያገኘው የለም፤ እንደማንኛውም እንግዳ አምስት ዓመት ተቀምጦ፣ ራሱን ማስተዳደር እንደሚችል አሳይቶ፣ ከወንጀል ነጻ ሆኖ፣ አማርኛ መናገርና መጻፍ አውቆ ያመለክታል። ኢትዮጵያዊቷስ? የባሏ አገር ሕግ ዜግነቱን የሚሰጣት ከሆነ ኢትዮጵያዊነቷ ይወድቃል። ካልሰጣት ይቀራል። ማለትም የአንዲት የአሰላ ሴት ዜግነት የሚወሰነው በሮም ወይም በስቶክሆልም በወጣ ሕግ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ከአርሲም ከቡልጋም አልመጣም። ከአውሮፓ ነው የመጣው። የናፖሊዮን የፍትሐ ብሔር ሕግ እ.ኤ.አ. በ1804 ሚስት የባሏን አገር ትከተላለች ብሎ ደነገገ፤ ብዙው ዓለም ከዚያ ቀዳ። አሜሪካ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1907 ባወጣችው ሕግ የውጭ ዜጋ ያገባች አሜሪካዊት ዜግነቷን ትነጠቅ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤቴል ማኬንዚ የምትባል ሴት ስኮትላንዳዊ ዘፋኝ አግብታ፣ ከአገሯ አንድ እርምጃ ሳትወጣ፣ ለመምረጥ ልትመዘገብ ስትሄድ ዜጋ አይደለሽም ተባለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድረስ ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ1915 ተረታች። እንግሊዝ ይህን ሕግ እስከ እ.ኤ.አ. 1948 ይዛው ቆይታለች። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰዎች በ1922 የጻፉት በጊዜው ሠለጠነ የሚባለውን ነው። እኔ ግን ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ፣ አገሩ በሙሉ ሴት የአባቷ ናት ብሎ በሚያምንበት ምድር ላይ ይህ አንቀጽ አንድም ሰው ሳያጉረመርምበት ስልሳና ሰባ ዓመት መኖሩ ነው። ያላጉረመረሙት ስላላወቁት ይመስለኛል። የሚያውቁት የሚደርስባቸው ቀን ነበር።

ሕጉ ከወጣ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ጣሊያን ገባ። ጣሊያን ደግሞ የራሱን አመጣ፦ በሚያዝያ 1929 በወጣው አዋጅ አንድ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ከኖረ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይፈረድበታል። ቀጥሎም በነጭና በጥቁር መካከል ጋብቻ በሕግ ተከለከለ፤ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ በስሙ እንዳያስመዘግብ ታገደ። ሆኖም አብረው መኖራቸው አልቀረም።

ነጻነት ሲመለስ ንጉሠ ነገሥቱ ጣሊያናውያንን አትንኩ አሉ። መካኒኩ፣ ግንበኛው፣ ባለ ወፍጮው፣ ብዙዎቹ በየከተማው ቀሩ። የዘር ሕጉ በአገራቸው ሲሻር ማግባትም ተፈቀደ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠመዘዘው። የጣሊያን የዜግነት ሕግ፣ እ.ኤ.አ. የ1912ቱ፣ ጣሊያናዊ ያገባች የውጭ ሴት ወዲያው ጣሊያናዊት ትሆናለች ይላል፤ ይህ እስከ 1975 ዓ.ም. ድረስ አልተለወጠም። የእኛ ሕግ ደግሞ የባሏ አገር ከሰጣት ትወድቃለች ይላል። ሁለቱ ሲገጥሙ ቄስ ፊት ወይም ቆንስላ ፊት ቀርባ የፈረመችው ሴት አገሯን አጣች፤ ሳትፈርም በጓሮ በር ገብታ ምጣድ የጣደችው ኢትዮጵያዊት ሆና ቀረች። አባቴ ይህን ሲያወራ «ነውር ያለባት ዳነች፣ ክብር ያላት ተያዘች» ይል ነበር።

ያጣችው ነገር ወረቀት ብቻ ቢሆን ማንም ግድ አይሰጠውም ነበር። ነገሩ መሬት ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 390 ላይ የውጭ አገር ሰው በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ካልሆነ በቀር በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ሊሆን አይችልም አለ። ቀጥሎ ያለው ቁጥር፣ ይዞ የተገኘ በስድስት ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ ያስተላልፍ ይላል።

አንዲት ሴት ወደ አባቴ የመጣችው በዚህ ምክንያት ነው። ባሏ መካኒክ ነበር፤ በሕግ ተጋብተዋል። አባቷ ሲሞቱ ከጭላሎ ግርጌ ያለ ገብስ የሚያበቅል መሬት ለልጆቻቸው ተዉ። ወንድሟ ግን የጣሊያንን ነገር ከሆነ ሰው ሰምቶ «እህቴ ፈረንጅ ሆናለች፣ አትወርስም» ብሎ ተነሣ። አባቴ ማመልከቻውን ጻፈ። ራስጌው ላይ የአመልካች ስም፣ ዕድሜ፣ ዜግነት ይሞላል። ዜግነት የሚለው ጋ ሲደርስ መኪናውን አቁሞ ብዙ እንዳሰበ ይነግረኝ ነበር። «ኢትዮጵያዊት» ብሎ ቢጽፍ ወንድሟ ሐሰት ጻፈች ብሎ ይከሳታል፤ «ጣሊያናዊት» ብሎ ቢጽፍ ክርክሩ በመጀመሪያው መስመር አለቀ። መጨረሻ ላይ «የአቶ እገሌ ልጅ» ብሎ ጻፈበትና አለፈ። ኮፒው ሣጥኑ ውስጥ እስከ ቅርብ ጊዜ ነበር፤ ወይን ጠጁ የካርቦን ቀለም ደብዝዞ ዜግነት ከሚለው ቃል ፊት ለፊት የአባቷ ስም ይነበብ ነበር። ፍርድ ቤቱ ከመወሰኑ በፊት ሽማግሌዎች ገቡበት። የሮምን ሕግ የሰማ ከመካከላቸው የለም፤ ቢሰሙም ግድ አይሰጣቸውም ነበር። የሰውየው ልጅ ናት አይደለችም? ናት። በቃ። ሲሶውን ወሰደች፤ በስሟ ግን አላዞረችውም፣ በወንድሟ ስም እንዳለ እያረሰች ኖረች። አባቴ «ሕጉን ማሸነፍ አልተቻለም፣ ዞረነው አለፍን» ይል ነበር።

በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ስዊድኖች መጡ። የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በእንግሊዝኛው ምኅጻረ ቃል ካዱ የምንለው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱን አሰላ ላይ አደረገ። የመጀመሪያው ኃላፊ ቤንግት ኔክቢ የሚባሉ ስዊድናዊ ነበሩ። ቁሉምሳ ላይ የስንዴ ዘር ይፈተሻል፣ ገበሬው ማዳበሪያ በብድር ይወስዳል፣ የተዳቀለ ላም ይታለባል። እኔ ያን ጊዜ ተማሪ ነኝ፤ ትዝ የሚለኝ ከስንዴው ይልቅ ቢጫ ፀጉር ያላቸው ልጆች በከተማው መንገድ ላይ በኦሮምኛ ሲሳደቡ ነው።

ወጣት ባለሙያና ወጣት ሴት አንድ ከተማ ውስጥ ከተገናኙ ጋብቻ አይቀርም። የሕጉ ጠባይ እንደገና የታየው ያን ጊዜ ነው። ስዊድን ከታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ለሚስት ዜግነትን በጋብቻ ብቻ መስጠት አቁማለች። ስለዚህ ስዊድናዊ ያገባችው የአሰላ ልጅ በ1922ቱ ሕግ መሠረት ምንም አልጎደለባትም፤ ሄዳ ኖራ አመልክታ እስካልወሰደች ድረስ ኢትዮጵያዊት ናት። ጎረቤቷ ግን ጣሊያናዊ ስላገባች ብቻ ባዕድ ሆናለች። በአንጻሩ ኢትዮጵያዊ ያገባች ስዊድናዊት በሕጋችን ቃል በሠርጓ ዕለት ኢትዮጵያዊት ሆናለች፤ ያንን የነገራት መኖሩን እጠራጠራለሁ። የውጭ ሴት መጥታ ኢትዮጵያዊት መሆኗን እንደ ክብር፣ የራሳችን ሴት መውጣቷን እንደ መጥፋት የሚቆጥር ሕግ ነበር።

የካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ከዚያ ወዲያ በገብስ መሬት ላይ የዜግነት ክርክር ትርጉም አልነበረውም፤ የሚወረስ መሬት ጠፍቷልና። ስዊድኖቹም ቀስ በቀስ ሄዱ፣ ካዱም በሌላ ስም አርዱ ሆነ። ደርግ ብዙ ነገር ሲያፈርስ የ1922ቱን የዜግነት ሕግ ግን እንዳለ ተወው። ንጉሡ ከወረዱ በኋላም የንጉሡ ዘመን ሕግ የሴቶችን ዜግነት ያዝዝ ነበር።

የጋብቻውን አንቀጽ የሻረው ሕገ መንግሥቱ ነው። በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ከውጭ ዜጋ ጋር በመጋባቱ ዜግነቱን አያጣም ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ስለ ባለትዳር ሴቶች ዜግነት ስምምነት ካወጣ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልፎ ነበር። እዚህ አሰላ ግን አንቀጹ የተነበበላቸው አንድ አዛውንት «ታዲያ ድሮስ ማን ሊያስጥላት ነበር?» ብለውኛል።

ዝርዝሩ ደግሞ በታኅሣሥ 1996 በአዋጅ ቁጥር 378 መጣ። አሁን ወንድና ሴት አንድ ሆኑ፦ ኢትዮጵያዊ ወይም ኢትዮጵያዊት ያገባ የውጭ ሰው ከጋብቻው ሁለት ዓመት ካለፈ፣ ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት እዚህ ከኖረ፣ የቀድሞ ዜግነቱን ከተወና ቃለ መሐላ ከፈጸመ ዜግነት ይሰጠዋል። በጋብቻ ላልመጣ እንግዳ አራት ዓመት ነው፤ ቋንቋም ይጠየቃል፣ ግን እንደ 1922ቱ አማርኛ ብቻ ሳይሆን ከኢትዮጵያ ቋንቋዎች አንዱ ይበቃል፤ ኦሮምኛ የሚያውቅ ሰው ያለ አማርኛ ያልፋል። ጥምር ዜግነት ግን የለም። ሌላ ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ይወጣል፤ ለእሱ በ1994 የወጣው አዋጅ 270 ቢጫ ካርድ አዘጋጅቶለታል።

ሕጉ በሰፋበት ዘመን ግን ጉዞው ተገልብጦ ነበር። ከእኔ ዘንድ የሚመጣው ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት የሚያገባ ሳይሆን ለመውጣት የሚያገባ ሆነ። ዲቪ ደርሶት አሜሪካ የገባ የበቆጂ ልጅ፣ ዜግነት ይወስድና ሚስት ፍለጋ ይመጣል። የአሜሪካ ሕግ የዜጋ ሚስትን ቶሎ ያስገባታል፤ ጋብቻው ሁለት ዓመት ያልሞላው ከሆነ ግን መኖሪያ ፈቃዷ የሁለት ዓመት ቅድመ ሁኔታ አለበት፣ ይህም የይስሙላ ጋብቻን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1986 የገባ ነው። አብራው ሦስት ዓመት ከኖረች ለዜግነት ታመለክታለች፤ ሌላው አምስት ይጠብቃል። የእኛ አገር ሯጭ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፤ ከአርሲ የወጣችው ዘነበች ቶላ በ1997 ዓ.ም. የባሕሬን ዜጋ ሆና ማርያም ዩሱፍ ጀማል ተባለች፣ ባሏም አብሯት ተቀየረ። እሷ በጋብቻ አልገባችም፣ በእግሯ ነው። ባል ሚስትን ተከትሎ የገባበት ታሪክ ነው፤ የ1922ቱን ሕግ የጻፉት ሰዎች ቢሰሙ ግራ ይገባቸው ነበር።

በዚህ ሁሉ ከባዱ ነገር ጋብቻውን ማስመስከር ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በሽማግሌ የተጋባ ሰው እጅ ላይ ምን አለ? ሽማግሌው። ስለዚህ ሦስት ምስክር ይዞ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ማዘጋጃ ቤት፣ ከዚያ ትርጉም፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ማኅተም። እያንዳንዱ ማኅተም የፊተኛውን ማኅተም እውነት ነው ይላል እንጂ ስለ ጋብቻው የሚያውቀው ነገር የለም።

አንዲት ልጅ ከሌሙ መጣች፤ እናቷ አብረዋት አሉ። የአንድ ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ላይ ወድቃ ነው። ወረቀቱ ሙሉ ነው፣ ፎቶው አለ፣ ጋብቻው እውነተኛ ነው፤ ከብቱ ሲነዳ አገር አይቷል።

«ምን ጠየቁሽ ልጄ?» አልኳት።

«የባልሽ ሙሉ ስም ማነው አሉኝ፣ ጋሼ።»

«እና?»

ዝም አለች። እናቷ መሬት መሬት ያያሉ። ገባኝ። በአርሲ ወግ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ አማቷ ወዩ ነው፣ ይከበራል፣ ይፈራል። የሰውየው ሙሉ ስም ደግሞ ያው የእሱና የአባቱ ስም ነው። ልጅቱ የራሱን ስም ተናግራ ሁለተኛው ላይ ምላሷ ተያዘ። መስኮቱ ማዶ የተቀመጠው ሰው የባሏን የአባት ስም የማታውቅ ሚስት አድርጎ ጻፋት። በትክክል ያገባች ስለሆነች አላገባችም ተባለች።

አማርኛውን ጽፌ ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎምን፤ ወጉን በአንድ ገጽ አብራርተን፣ የጎሳውን ሽማግሌዎች አስፈርመን አያያዝን። እናቷ ግን በወረቀት አላመኑም። ወደ አማትየው ሄደው ነገሩን ነገሯቸው፤ ሰውየው ልጅቱን አስጠርተው መርቀው፣ በዚያች ቀን ብቻ፣ በዚያ መስኮት ብቻ ስማቸውን እንድትጠራ ፈቀዱላት። በሁለተኛው ጊዜ ጠርታ አለፈች። ዛሬ ሚኒሶታ ናት። ዜግነቱን ወስዳለች፤ ስለዚህ በእኛ ሕግ ኢትዮጵያዊነቷን ትታለች። ጋብቻው ግን አላስጣላትም፣ ራሷ ፈርማ ነው የተወችው፤ ከ1922ቱ ያለው ልዩነት ይኸው ነው። እናቷ ቢጫ ካርዱን ሲያዩ «ይኼ ደግሞ ምንድነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ልጅዎ ስትመጣ ያለ ቪዛ የምትገባበት ነው አልኳቸው። የገዛ ልጃቸው ወደ ሌሙ ለመምጣት ካርድ እንደምትይዝ ሲሰሙ በጣም ሳቁ።

ወደ ውስጥ ለመግባት በሚስቱ የመጣ የመጨረሻው ባለጉዳዬ አንድ ጀርመናዊ ጡረተኛ ነው። ሚስቱ የአሰላ ልጅ ናት፤ ጀርመን ተገናኝተው፣ ተመልሰው እዚህ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። አዋጅ 378ን አነበብኩለት። ሁለት ዓመቱን አሟልቷል፣ አንድ ዓመቱንም ኖሯል። የጀርመንን ፓስፖርት ትተዋለህ የሚለው ጋ ስንደርስ ጡረታውን አሰበ፣ የልብ መድኃኒቱን አሰበ፣ ሚስቱን አየ። እሷ በኦሮምኛ «ተወው፣ እኔ ስላለሁ ማን ያባርረዋል» አለችኝ። ስለዚህ የዜግነቱን ትተን የመኖሪያ ፈቃድ ማሳደሻ ማመልከቻ ጻፍኩ። ግንኙነት የሚለው ቦታ ላይ «የኢትዮጵያዊት ባል» ብዬ ሞላሁ፤ መቶ ሃምሳ ብሬን የከፈለችኝም እሷው ናት።